ትንፍሽ እንዳትል

አምባዬ ከአዋሽ ሲነሳ ደረቱ ውስጥ ያለው እጢ አንድ ነበር። ሰመራ ሲደርስ ሁለት ሆነ። ፍየል እንኳ መንገድ ላይ እንዲህ ፈጥና አትወልድም።

አንድ ለመሆኑ ማስረጃው በእጁ ነው። ሊሳፈር ሲል አዋሽ እንደገና የተነሳው ራጅ በቢጫ ፖስታ ተጠቅልሎ ብብቱ ሥር አለ። ከቀኝ ሳንባው ግርጌ ትንሽ ሎሚ የምታህል ነጭ ነገር ተቀምጣለች፤ አንዲት፣ ብቻዋን። ቀደም ሲልም ከእሷ በመርፌ ቀድተው አዲስ አበባ ልከው ስሟ ታውቋል። ስሟን እሱ አይጠራውም። «ያቺ» ነው የሚላት።

ሰመራ የመጣው ልጁ ማህሌት ጠርታው ነው። ማህሌት ከክልሉ ቢሮዎች በአንዱ መዝገብ ቤት ትሠራለች። አዲስ የምርመራ ማዕከል ተከፍቷል፣ ሲቲ ስካን አለው፣ በወር ሁለት ጊዜም የካንሰር ሐኪም እየመጣች ለጨረር ሕክምና የሚላኩትን ትለያለች ብላ ነገረችው። እሱም ተሳፈረ። ገዋኔን፣ ሚሌን አልፎ፣ ከጅቡቲ የሚመጣው ከባድ መኪና አቧራውን እያጎረሰው፣ ጥቁር ድንጋይ ሜዳ ላይ ካለችው ሰመራ ደረሰ።

አምባዬ ዕድሜው ስድሳ አራት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ምድር ባቡር አገልግሏል፤ ሐዲድ ቀያሪ ነበር። ብረቱን ዘንግ ጎትቶ ባቡሩን ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው የሚያስገባ ማለት ነው። ትምህርቱ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፤ ቂሙ ግን የትም ቦታ አልቆመም። ማን መቼ ሰላምታ እንደነፈገው፣ ማን ወንበር እንዳልለቀቀለት በቀን በቀኑ ያስታውሳል። ለጡረታ ሲሸኙት ስሙን «አባይነህ» ብለው ያነበቡትንማ መቃብር ይዞት ይወርዳል።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው ሲቲ ስካኑ ክፍል ውስጥ የገባው።

ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ዑመር የሚባል የአፋር ልጅ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ቢሞላው ነው። ነጭ ጋዋኑን እስከ ክርኑ ጠቅልሎ፣ መፋቂያውን በአፉ ጥግ ይዞ ተቀበለው።

«ጋሼ፣ ሸሚዝህን አውልቅ። እዚህ ላይ ተኛ።»

«ተኛ!» አለ አምባዬ በሆዱ። «አንተ» መባሉ አንድ፣ «ተኛ» መባሉ ሁለት። በዚህ አገር ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» እንደሚሉ ያውቃል፤ አርባ ዓመት አብሯቸው ኖሯል። ማወቁ ግን አልበረደለትም። ተኛ።

የተኛባት ጠባብ አልጋ በሁለት ብረት ላይ ትንሸራተታለች። ሐዲድ ነገር ናት። ከፊት ለፊቷ ትልቅ ነጭ ቀለበት ቆሟል፣ እንደ ዋሻ አፍ። «ሐዲድማ ብዙ አይቻለሁ» እያለ ራሱን ሲያጽናና ድንገት መብራቱ ድርግም አለ። ማሽኑ አቃስቶ ዝም አለ። ከመስተዋቱ ወዲያ ዑመር «ያ አላህ! አሁንም?» ሲል፣ በር ሲጋጭ፣ ሰው ሲሮጥ ተሰማ። አምባዬ በጨለማው ራቁት ደረቱን ይዞ ቀረ። ከዚያ ውጭ ጄኔሬተር ጮኸ፣ መብራቱ መጣ፣ ማሽኑም እንደገና ማጉረምረም ጀመረ። ወዲያው ከአናቱ በላይ ካለው ድምፅ ማጉያ የዑመር ድምፅ እንደ ቁጣ ወረደበት፦

«ጋሼ! ትንፍሽ እንዳትል!»

አምባዬ ደሙ ቀዘቀዘ። ቀጥሎ ደሙ ፈላ።

ይህን ቃል ያውቀዋል። ከሃያ ሰባት ዓመት በፊት፣ በሰማንያ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ከአዋሽ ማዶ ባለች አንዲት ትንሽ ጣቢያ ሳለ፣ የጣቢያው ሹም ፍቅረ ሥላሴ ስልክ በጆሮው እንደያዘ «ወደ ሁለት ቁጥር ቀይር!» ብሎ አዘዘው። ሁለት ቁጥር መስመር ላይ ሌላ ፉርጎ ቆሞ ነበር። «ጌታዬ፣ ሁለት ቁጥር ባዶ አይደለም» ቢለው «ቀይር ተብለሃል!» አለው። ቀየረ። ሦስት ፉርጎ ሲሚንቶ ሐዲድ ስቶ ተገለበጠ። ሰው አልሞተም። ገና የሲሚንቶው አቧራ ሳይበርድ ፍቅረ ሥላሴ መጥቶ ትከሻውን ጨመቀ። «አምባዬ፣ ትንፍሽ እንዳትል። እኔ አለሁልህ» አለው። አጣሪ ኮሚቴው መጥቶ «ማን አዘዘህ?» ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቀው። ሦስት ጊዜ ዝም አለ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንደሚባለው፣ እሱ ከሐዲድ ቀያሪነት ወርዶ የወርክሾፕ በር ዘበኛ ሆነ፤ ፍቅረ ሥላሴ ተቆጣጣሪ ተብሎ ድሬዳዋ ገባ። «አለሁልህ» ያለው ሰው ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ እንኳ አልጻፈለትም።

እና አሁን ይህ ልጅ! ማሽኑ መበላሸቱን፣ መብራት መጥፋቱን ለአለቆቹ እንዳይነግርበት ነው። ራቁቱን አስተኝቶ ያስፈራራዋል። አምባዬ ይህን እያሰበ ደረቱ እንደ ወናፍ ይነሳል ይወድቃል፣ አፍንጫው ይነፋል፣ አልጋዋም በቀለበቱ ውስጥ ትገባለች ትወጣለች።

«በቃ! ጎበዝ ነህ፣ ጋሼ!» አለ ዑመር።

«ጎበዝ» አለ አምባዬ ሸሚዙን እየለበሰ። «ገና ታየኛለህ።» ግን ትንፍሽ አላለም። ልማድ ሆኖበታል።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ሐኪሟ ፊት ተቀመጡ፣ አባትና ልጅ። ዶክተር ሰርክአዲስ ቀጭን፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ኮምፒውተሯን ወደ እነሱ አዞረች።

«አባባ፣ ከአዋሽ ባመጡት ራጅ ላይ አንዲት ናት። እዚህ ግን ሁለት ይታየኛል፤ አንዷ ከላይ፣ አንዷ ከሥር።»

«በአራት ቀን?» አለ አምባዬ።

«እሱ ነው እኔንም ግራ ያጋባኝ። አንዲት ብቻ ብትሆን ጨረሩን እሷ ላይ ብቻ አነጣጥሮ ለማዳን መሞከር ይቻላል። ለዚያ ነበር ልልክዎ ያሰብኩት። ሁለት ከሆኑ ግን ተዘርታለች ብዬ እሰጋለሁ። ያን ጊዜ ሕክምናው ለማስታገስ እንጂ ለማዳን አይሆንም።»

ማህሌት የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አደረገች። አምባዬ ኮምፒውተሩን ያያል። ጥቁርና ነጭ፣ ደመና መሳይ ነገር ነው። ሁለቱ ነጫጭ ግን አሉ፤ እንደ ሁለት ዓይን ያዩታል።

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አነሳች። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሲነሱ ዑመር ትንፍሽ አይበሉ ብሎዎት ነበር አይደል? ለሁሉም የሚላት ቃል ናት።»

አምባዬ ዙሪያውን አየ። እዚህ ድረስ ተሰምቷል ማለት ነው! ለሁሉም የሚላት ነው! ሐኪሟም አለችበት! ወይስ ልትፈትነው ነው? የአጣሪ ኮሚቴው ሦስት ሰዎች ከነወንበራቸው ትዝ አሉት።

«ብሎኝ ነበር» አለ።

«እና?»

«ትንፍሽ አላልኩም።»

«እርግጠኛ ነዎት? ትንሽ እንኳ?»

«እኔ አምባዬ!» ደረቱን መታ። «ትንፍሽ አላልኩም። ለማንም!»

ሐኪሟ «ለማንም» የሚለው ላይ ጥቂት ቆማ፣ የሽማግሌ አነጋገር ነው ብላ አለፈችው መሰል፣ አቀርቅራ ጻፈች። «እንግዲያው ሁለቱም እውነት ናቸው ማለት ነው። ነገ ከሰዓት ወደ አዲስ አበባ እመለሳለሁ። ለጨረር የሚላኩትን ስም ዝርዝር ይዤ ነው የምሄደው። የእርስዎ… ለማስታገሻው ይሁን። አይዞዎት፣ አባባ።»

ማህሌት ቤት አስገባችው። ቬንትሌተሩን አብርታ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ቀድታ ሰጥታው፣ ፊት ለፊቱ ቁጢጥ አለች።

«አባዬ፣ የሆነ ነገር አለ። አንተ ፊት ላይ ይታየኛል። እዚያ ክፍል ውስጥ ምን ሆነ?»

«ምን ይሆናል?»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማህም?»

«በሽታዬንማ ማን ደበቀው? በቴሌቪዥን እያሳዩት!»

አሥር ሰዓት ላይ ብቻውን ሲቀር ሁለቱን ምስሎች አውጥቶ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ደቀናቸው። የአዋሹ አንድ። የሰመራው ሁለት። አዟዟራቸው። የአዋሹን ገለበጠው፤ አሁንም አንድ። ምናልባት የሌላ ሰው ምስል ይሆን? ስሙን ፈለገ፤ «አምባዬ» ይላል፤ ለአንድ ጊዜ እንኳ በትክክል የጻፉለት እዚህ ላይ ነው። ምናልባት ያ የተበላሸ ማሽን ይሆን አንዱን ሁለት የሚያደርገው? እንደዚያ ከሆነ ይህን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ናቸው፣ እሱና ዑመር። ዑመር አይናገርም። እሱ ደግሞ ትንፍሽ እንዳትል ተብሏል።

ሳቅ ሳቅ አለው። ሳቁ ሳል ሆኖ ጎኑን ወጋው። አንድ ጊዜ ዝም ብሎ እንጀራውን አጣ። አሁን ዝም ብሎ ነፍሱን ሊያጣ ነው። ለማን ብሎ? ስሙን በወጉ ለማያውቅ መፋቂያ ነካሽ!

በማግስቱ ጠዋት ማህሌት ገና ጫማዋን ሳታስር እሱ ደጅ ቆሟል።

«ወዴት ነው፣ አባዬ?»

«ከዚያ ልጅ ጋር ሂሳብ አለኝ።»

ዑመርን ከማዕከሉ በር ላይ፣ ጥላ ሥር ተቀምጦ ውሃ ሲጠጣ አገኙት።

«ጋሼ! እንዴት ነህ? ደህና ነህ?»

«ደህና አይደለሁም!» ጮኸ አምባዬ። «አምስት ቀን ሙሉ ትንፍሽ አላልኩልህም! ለልጄ፣ ለሐኪሟ! አንተ ግን ያን የተበላሸ ማሽንህን ደብቀህ እኔን ለሞት ትጽፈኛለህ! አሁን በቃኝ፤ ወይ አንተ ንገር፣ ወይ እኔ እናገራለሁ!»

ዑመር የውሃውን ጠርሙስ አስቀመጠና ማህሌትን አያት። «እህቴ፣ ምን እያለ ነው? አማርኛው ከበደኝ።»

«መብራቱ ጠፍቶ ማሽኑ ቆሞ አልነበረም?» አለ አምባዬ።

«ነበር።»

«ይኸው! አመነ!»

«ጋሼ፣ ወላሂ፣ መብራቱ ለሰመራ በሙሉ ነው የጠፋው። ፍየሉም ያውቃል። ማሽኑ እንደገና ተነሥቶ ነው ያነሳሁህ፤ ምንም አልሆነም። ምኑን ነው የምደብቀው?»

አምባዬ ጣቱን ቀሰረበት። «ታዲያ ትንፍሽ እንዳትል ያልከኝ ስለ ምን ነው?»

«እንዳትተነፍስ ነዋ!» ዑመር አፍንጫውን በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ ጉንጩን ነፋ። «እንዲህ!»

ማህሌት ወደ ግድግዳው ዞራ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። እያለቀሰች ነው ወይስ እየሳቀች አምባዬ መለየት አልቻለም።

«ዑመር» አለች በመጨረሻ ዓይኗን እየጠረገች፣ «ትንፍሽ አትበል ማለት እኮ ለሰው አትናገር ማለት ነው። ሚስጥር ያዝ ማለት።»

«አይደለም!» አለ ዑመር። «አማርኛ የተማርኩት ሎጊያ ነው፣ ከሹፌሮች። ልጅ ሆኜ ከአክስቴ ጋር በከባድ መኪና ስንሄድ ኬላ ሲደርስ ሹፌሩ ሸራ ሥር ደበቀንና ‹ትንፍሽ እንዳትል!› አለኝ። እኔ ጆሮዬ እስኪጮህ ድረስ ሳልተነፍስ ቆየሁ። ኬላው አለፈ። ከዚያ ወዲህ ለሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የምለው። ስንት ሰው አነሳሁ፣ አንድም ሰው…»

አቋረጠና አምባዬን ትክ ብሎ አየው። ፈገግታው ከፊቱ ጠፋ።

«ቆይ። አንተ… ተነፈስክ እንዴ?»

«ታዲያ! ሰው አይደለሁም? እንዲያውም ከንዴቴ ብዛት ለሦስት ሰው የሚሆን ነው የተነፈስኩት!»

ዑመር ጫማውን ሳያጠልቅ ወደ ውስጥ ሮጠ። በኮሪደሩ ላይ ድምፁ ያስተጋባል፦ «ዶክተር! ዶክተር! ጋሼ ተንፍሷል!»

ዶክተር ሰርክአዲስ የጉዞ ቦርሳዋን ዘግታ ነበር። ነገሩን ሁለት ጊዜ አስነገረቻቸው። በመጀመሪያው ግራ ተጋባች። በሁለተኛው እጇን ግንባሯ ላይ አሳረፈች።

«‹ለማንም› ሲሉኝ መጠየቅ ነበረብኝ» አለች። ከዚያ መጥታ መዳፏን ከአምባዬ የቀኝ ጎን አጥንት ሥር አስቀመጠች። «አሁን ይተንፍሱ። እጄ ሲነሳና ሲወርድ ያያሉ? የሳንባዎ ግርጌም እንዲሁ ነው፤ ያቺም አብራ ሁለት ጣት ያህል ትወጣለች ትወርዳለች። ማሽኑ ደግሞ ደረትዎን በአንድ ጊዜ አያይም፤ ዳቦ እንደሚቆረጥ በስሱ በስሱ እየቆረጠ ነው የሚያነሳው። የላይኛውን ቁራጭ ሲያነሳ እሷ ወደ ላይ ወጥታ ያገኛታል። የታችኛውን ሲያነሳ ወርዳ እንደገና ያገኛታል። ሁለት አድርጎ ይሥላታል።»

አምባዬ የእጇን መነሳትና መውረድ ተከታተለ። «አንዱን ባቡር ሁለት ጣቢያ ‹እኔ ጋ ነው› ብሎ መዘገበው ማለት ነው?»

«እንደዚያ ሊሆን ይችላል። ወይም በእርግጥም ሁለት ናቸው። እንደገና ሳናነሳ አላውቅም።» ሰዓቷን አየች። «መኪናዬ ይጠብቀኛል። ዑመር፣ አዘጋጅ።»

መጀመሪያ አለማመዱት። ወንበር ላይ አስቀምጠው ማህሌት በስልኳ ሰከንድ ትቆጥራለች። በመጀመሪያው አራት ላይ ሳል ያዘው። በሁለተኛው ሰባት። ሐዲድ ቀይሮ ባቡሩ መገናኛውን እስኪያልፍ ድረስ ትንፋሹን ይዞ ይቆም የነበረው ትዝ አለው፤ ማንም ሳያዘው፣ ከሥጋት ብቻ። ዘንጉን የያዘ መስሎት የወንበሩን እጀታ ጨበጠ። አሥራ አንድ ደረሰ።

አልጋዋ ላይ ሲተኛ ከአናቱ ያለው ድምፅ ተንኳኳ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ማህሌት ያስጠናችውን ቃል በቃል አወጣው፦

«ጋሼ… ትንፋሽዎን… ይሳቡ። ትንፋሽዎን… ይያዙ።»

«ይያዙ» አለ አምባዬ በሆዱ። «ለመከበር እንግዲህ ይህን ሁሉ ማለፍ ነበረብኝ።» ያዘ። አልጋዋ ገባች፣ ወጣች። ጎኑ ተቃጠለ፣ ጆሮው ጮኸ፣ አልለቀቀም።

«ይልቀቁ!»

ሁለተኛውን ደግሞ ትንፋሹን ሙሉ በሙሉ አውጥቶ ባዶ ሆኖ እንዲይዝ አደረጉት። ይህ የባሰ ነበር። በዘጠኝ ላይ ዓይኑ ጨለመ። ያዘ።

ሐኪሟ ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን ከፈተች። ማህሌት የአባቷን እጅጌ ይዛለች። ሐኪሟ አንዱን ወደ ላይ ወደ ታች ገለበጠች፣ ሌላውንም እንደዚሁ፣ ወደ መጀመሪያው ተመለሰች።

«አንዲት ናት» አለች።

ጣቷን ምስሉ ላይ አሳረፈች።

«በመጀመሪያው እዚህ ናት። በሁለተኛው ሁለት ጣት ከፍ ብላለች። ግን አንዲት ናት፣ አባባ።» ቦርሳዋን እንደገና ከፈተች፣ ዝርዝሩን አወጣች፣ አንድ መስመር ሰርዛ ሌላ ቦታ ጻፈች። «ለማዳን እንሞክራለን። ይዳናሉ ብዬ አልምልልዎትም። አዲስ አበባ ለጨረሩ ሲሄዱም ይኸው ትንፋሽ ነው ሥራው። ሆድዎ ላይ ነገር አስረው አተነፋፈስዎን ይከታተላሉ። ያቺ ከተወሰነው ቦታ ስትደርስ ብቻ ነው ጨረሩ የሚለቀቀው። አለበለዚያ እሷ አምልጣ ጤነኛው ሳንባ ይቃጠላል።»

«ምልክት ሳይከፈት ባቡር አይገባም» አለ አምባዬ።

«በትክክል።»

«ግን ዶክተር፣ የቷ ናት እውነተኛ ቦታዋ? የታችኛው ወይስ የላይኛው?»

«ሁለቱም።»

ራሱን ነቀነቀ። ዑመር ከበሩ ሆኖ «ጋሼ፣ አልሐምዱሊላህ በል» አለው፤ ወዲያው ደግሞ «ይበሉ» ብሎ አረመ። አምባዬ «ተወው፣ አንተ በለኝ፤ አንዴ ለምደኸዋል» አለው።

ከሰዓት ማህሌት እስከ ሎጊያ ሸኘችው። ሁሉም መኪና እዚያ ነው የሚቆመው። የአዋሹ አውቶቡስ እስኪሞላ በአንድ ምግብ ቤት ደጅ ተቀመጡ። ጎማ የሚያስነፋው ይጮኻል፣ ተሳቢው ይንኳኳል፣ ነፋሱ አሸዋውን ሻይ ውስጥ ይበትናል።

«ማህሌት» አለ። «የሲሚንቶውን ነገር ታስታውሻለሽ? ከሥራዬ ያወረዱኝን?»

«አስታውሳለሁ።»

ትንፋሹን ሳበ፣ ያዘ። ሃያ ሰባት ዓመት። «ያዘዘኝ ፍቅረ ሥላሴ ነው። እኔ አይሆንም ብዬው ነበር። ለእናትሽ እንኳ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ትንፍሽ አላልኩም።»

ማህሌት ብርጭቆዋን ዞር አደረገች።

«አባዬ» አለች ቀስ ብላ፣ «ይህን እኮ አዋሽ ሁሉ ያውቀዋል። እማዬም ታውቅ ነበር። ትምህርት ቤት እያለሁ ልጆች ይነግሩኝ ነበር። ያልተነገረው ያ ኮሚቴ ብቻ ነው።»

አምባዬ ሻዩን ገፋ አደረገ። የአውቶቡሱ ረዳት «አዋሽ! አዋሽ! ሁለት ሰው የቀረው!» እያለ ይጮኻል።

«ታዲያ» አለ አምባዬ ድምፁ ቀጥኖ፣ «ታዲያ ለምን ማንም ትንፍሽ አላለም?»

«ባለቤቱ ዝም ካለ እኛ ምን አገባን ብለው ይሆናላ። እማዬ አንድ ቀን ራሱ ይነግረኛል እያለች ትጠብቅ ነበር።»

አውቶቡሱ ጥሩንባውን ነፋ። ማህሌት ፖስታዎቹን አቀበለችው፣ የአንዲቷንም፣ የሁለቱንም፣ የመጨረሻዎቹንም። ሁሉንም በአንድ ብብት ይዞ ወጣ፣ መስኮት አጠገብ ተቀመጠ። ትወጣለች፣ ትወርዳለች፤ አንዲት ናት፤ ቦታዋ ሁለት ነው። ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እሱ ብቻ ይደብቃል። የትኛውን መጀመሪያ ማሰብ እንዳለበት ጠፋው።

ከመስኮቱ በታች ማህሌት ስልኳን ከፍ አድርጋ ሰዓቱን አሳየችው። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ፣ የሚይዘው ዘንግ ባይኖር የፊት ወንበሩን ብረት ጨበጠና ትንፋሹን ያዘ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከጎኑ የተቀመጠው ሰውዬ ዘወር ብሎ አየው።

«አባት፣ ደህና ነዎት? ምን ሆኑ?»

አምባዬ እጁን አንሥቶ ቆይ አለው። አሥራ ሁለት ላይ ለቀቀው።

«ልንገርህ» አለ። «መንገዱ ረጅም ነው። ፍቅረ ሥላሴ የሚባል የጣቢያ ሹም ነበር…»